ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ምድጃዎች

ስለ ቤቱ ከመናገሬ በፊት ማን እንደሆንኩ መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ አንባቢ ለምን እኔን ማመን እንዳለበት አያውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው አፍሬ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ድንጋይ ተሸካሚ ሆኜ በገባሁበት የሕንፃ ሥራ፣ መሐንዲሱ ፕላኑን ዘርግቶ ምሳ ሲሄድ እኔ ምሳዬን ትቼ ፕላኑን አነብ ነበር። ወፍራሙ መስመር የሚሸከም ግድግዳ፣ ቀጭኑ መስመር ክፍል ብቻ የሚለይ ግድግዳ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ ደረስኩበት። ከተሸካሚነት ወደ ግንበኝነት፣ ከግንበኝነት ወደ ካፖነት፣ ማለትም ወደ ግንበኞች አለቅነት፣ የወጣሁት በዓይኔ ነው። ካፖ ከሆንኩ በኋላ መሐንዲሶቹ ራሳቸው ወደ ጥግ ወስደው ይጠይቁኝ ነበር፤ በሰው ፊት መጠየቅ ያፍሩ ስለነበር።

አሜሪካ ስመጣ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ። ዋሽንግተን መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እቆርጥ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ሬዲዮ ሲያዳምጡ እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት የተዋስኳቸውን ስለ አሮጌ ቤቶች የተጻፉ መጻሕፍት አነባለሁ። መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ቀጥሎ ከሥዕሉ ሥር ያለችውን አንድ መስመር፣ እየቆየሁ ሙሉውን ገጽ። እንግሊዝኛዬ የመጣው ከዚያ ነው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ራስ ምታቴ ለሐኪም ከመንገር ይልቅ ስለ ጣራ አሠራር ማውራት ይቀለኛል።

ከሁሉም አብልጬ የወደድኩት የእንግሊዝ ገጠርን የድንጋይ ቤት ነበር። ትንሽ ቤት ነው። ሠሪዎቹ ትምህርት ቤት የሄዱ ሰዎች አይደሉም። ድንጋዩን ከማሳቸው ለቅመው፣ ኖራውን ራሳቸው አቃጥለው፣ ብረትና ሲሚንቶ ሳያዩ ሠሩት፤ ቤቱም እነሱንም የልጅ ልጆቻቸውንም ቀብሮ ቆሟል። እኔ እዚያ አገር ረግጬ አላውቅም። ቢሆንም ግድግዳው የውስጥና የውጭ ሁለት ገጽ እንዳለው፣ መሀሉ በጠጠርና በኖራ እንደሚሞላ፣ ሁለቱን ገጽ አልፎ አልፎ አንድ ረጅም ድንጋይ ገብቶ እንደሚያስራቸው፣ ኖራው ከድንጋዩ ለስላሳ የሚደረገው ውሃው በኖራው በኩል እንዲወጣና ድንጋዩ እንዳይፈርስ መሆኑን፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ከሚኖር ሐበሻ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን በድፍረት እጽፋለሁ።

ሚስቴ ከሞተች በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ በልጄ አፓርትመንት ውስጥ፣ ሳሎን ሶፋ ላይ እተኛ ነበር። ልጄ ጥሩ ልጅ ናት፤ ባሏም ክፉ አይደለም። ሳሎን ግን የሁሉም ነው። ጠዋት የልጅ ልጆቼ ካርቱን ሊያዩ ሲመጡ እኔ አንሶላዬን አጥፌ እነሣለሁ። "ሶሪ ግራንድፓ" ይሉኛል፤ ተነሥቼ ኩሽና በር ላይ እቆማለሁ።

በዚህ ጊዜ ነው እድራችን ከአሌክሳንድሪያ ዳር አንድ አሮጌ ቤት የገዛው። ለቅሶ የምንቀመጠው በየአፓርትመንቱ ነበር። ሰው ኮሪደር ላይ ይሰለፋል፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል፣ ሊፍቱ ይበላሻል። ስለዚህ አባላቱ ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት የራሳችን ቤት ይኑረን ብለው ተስማሙ። ሊቀ መንበሩ አገር ቤት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ከረባት የማይለየው ሰው ነው። ቤቱን የመረጠው ሜዳው ሰፊ ስለሆነና መኪና ስለሚያስቆም ነው። ቤቱን ራሱን አላየውም ማለት ይቻላል።

እኔ ለጽዳት ልረዳ ሄጄ በሩ ፊት ቆሜ ቀረሁ። በሥዕል የማውቀው ቤት ነበር። የሸጡልን ሰዎች እንደነገሩን ከእንግሊዝ አገር ለሥራ የመጣ አንድ ግንበኛ ከብዙ ዘመን በፊት ለራሱ ሠርቶት ኖሯል፤ ድንጋዩ የቨርጂኒያ፣ አሠራሩ ግን የመንደሩ። ጣራው ቆርቆሮ ወይም ጣውላ አይደለም፤ እንደ ሰሌዳ በስሱ የተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የተነጠፈ ነው። ከታች ትልልቁ፣ ወደ ላይ እያነሰ ይሄዳል። መስኮቶቹ ጠባብ፣ ደፋቸው ጥልቅ፤ ሰው ይቀመጥባቸዋል። ቤቱ መሀል ለመሀል ደግሞ ጭስ መውጫው ቆሟል። ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ምድጃዎች ጀርባ ለጀርባ ተደግፈዋል፤ አንዱ ወደ ግራው ክፍል፣ አንዱ ወደ ቀኙ ክፍል ያያል። በእያንዳንዱ ምድጃ አፍ ላይ አንድ ወፍራም የኦክ እንጨት አግዳሚ አለ። የላይኛው ወለል ተሸካሚ እንጨቶች አንዱ ጫፋቸው በውጭው ግድግዳ፣ ሌላው ጫፋቸው በዚህ ጭስ መውጫ ላይ ያርፋል። ጭስ መውጫው የቤቱ ጀርባ አጥንት ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ለኮሚቴው እንዲህ አልኳቸው፦ ላይ ያለችውን ክፍል ስጡኝ፤ ቤቱን እጠብቃለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ደሞዝ አልፈልግም። ተስማሙ። ጣራው ሥር ያለችው ክፍል ዝቅተኛ ናት፤ መሀሏ ላይ ካልሆነ በቀር ቀጥ ብዬ አልቆምባትም። ግን በር ነበራት። በሩን ዘግቼ የተኛሁበት የመጀመሪያው ሌሊት ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ጥሩ እንቅልፍ የተኛሁበት ነበር። ወደ ሥራ በባቡር እመላለሳለሁ፤ የቀረውን ጊዜ ከቤቱ ጋር ነኝ። ከዚያ በፊት የነበረ አንድ የማያውቅ ሰው የሰሜኑን ግድግዳ በሲሚንቶ ሞልቶት ድንጋዩ መላጥ ጀምሮ ነበር። ሲሚንቶውን በመሮ አንድ በአንድ አውጥቼ በኖራ ተካሁት። የወደቁትን የጣራ ሰሌዳዎች ሣር ውስጥ ፈልጌ መለስኳቸው። መንገድ ላይ የሚያልፉ ነጮች ቆመው ያዩኝ ነበር፤ አንዱማ ከየት አገር እንደ ተማርኩ ጠየቀኝ። "ከዓይኔ" አልኩት።

ችግሩ የመጣው ከመጀመሪያው ትልቅ ለቅሶ ጋር ነው። ወንድሟ አገር ቤት የሞተባት ሴት በግራው ክፍል ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ሰው መጣ፤ ከአናንዴል፣ ከአስፐን ሂል፣ ከውድብሪጅ። ግማሹ ቀኙ ክፍል ገብቶ በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጠ። በእኛ ዘንድ ለቅሶ መድረስ ማለት ሐዘንተኛዋ እንድታይህ ማለት ነው። ያላየችህ አልመጣህም። በዚያ ቤት ደግሞ ከቀኝ የተቀመጠ ሰው ከግራ የተቀመጠችውን አያያትም፤ መሀላቸው ያ ሁሉ ድንጋይ አለ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ክርስትና ላይ ያቺው ሴት ከውድብሪጅ የመጣ የዱሮ ጎረቤቷን በሰው ፊት ያዘችው።

"ለወንድሜ ለቅሶ ስቀመጥ የት ነበርክ?"

"እንዴ፣ መጥቼ ተቀምጬ ዋልኩ እኮ! እናቴ ትሙት።"

"እኔ አላየሁህም።"

"ከወዲያኛው ክፍል ነበርኩ። ሽሮ እንኳ ቀርቦልኝ በልቻለሁ።"

"ሽሮውን አግኝተህ እኔን አጣኸኝ?"

ሰው ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፤ ከእሱ ጋር ሰላምታ አቆመች። እንዲህ ያለ ቅያሜ በዝቶ እድሩ ሊፈርስ ደረሰ። ኮሚቴው ለስብሰባ ጠራን። ሊቀ መንበሩ ተነሥቶ ከረባቱን አስተካክሎ፣ መሀል ያለው ግንብ ይፍረስና አንድ አዳራሽ ይሁን አለ። ሁሉም አጨበጨበ።

እኔ ዝም ብዬ አልተቃወምኩም። መፍትሔ ይዤ ነው የሄድኩት። ከቁርስ ሲሪያል ካርቶን የሠራሁትን የቤቱን ሞዴል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አሳየኋቸው። የሁለቱ ምድጃዎች ጀርባ አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ ምንም አይሸከምም። እሱን ብቻ ብናነሣ ምድጃዎቹ ተገናኝተው እንደ ቅስት ይከፈታሉ። ግራና ቀኝ ያሉት እግሮች ይቀራሉ፤ አግዳሚዎቹ ይቀራሉ፤ ጭስ መውጫው በቦታው ይቆማል። ሐዘንተኛዋ ከቅስቱ ሥር ትቀመጣለች፤ ከሁለቱም ክፍል ትታያለች። ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ያኔም አልቀረበም፣ ዛሬም የለም።

ሊቀ መንበሩ ሞዴሉን በጣቱ እየነካ፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሐዘንተኛዋን ምድጃ ውስጥ እናስቀምጣት ነው የሚሉት?" አለኝ።

"ምድጃ መሆኑ ይቀራል። ቅስት ይሆናል።"

ከኋላ የተቀመጠ አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው፣ "ማገላበጥስ አለ፣ ጋሼ? በአንድ በኩል ብቻ እንዳትበስል" አለ። ተሰብሳቢው በሳቅ ፈነዳ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ሊቀ መንበሩ ሳቁ ሲበርድ፣ "ለመሆኑ ላይሰንስ አለዎት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አንተ ስለ ቤት ያለህ እውቀት ኪራይ መክፈል ብቻ ነው፤ እኔን ስለ ላይሰንስ አትጠይቀኝም" አልኩትና ሞዴሌን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ስብሰባ አልሄድኩም። የማይገባው ሰው ፊት ቆሞ ማስረዳት ልማዴ አይደለም። ልጄ በስልክ፣ "አባዬ፣ ሂድ እንጂ፤ ሳትሄድማ የፈለጉትን ይወስናሉ" ብላኝ ነበር። እሷ ሁልጊዜ ሰው ማባበል ትወዳለች።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ድምፁን የሰማሁት ገና ከመንገዱ ማዶ ነው። ሜዳው በታክሲ ተሞልቷል። በመስኮት ድንጋይ ይወረወራል። እድሩ ደቦ ጠርቶ ነበር። እንደ አገር ቤት፣ ወንዱ በሙሉ ማርቴሎና ዶማ ይዞ፣ ሴቶቹ ምግብ ይዘው፣ በአንድ ቀን ሊጨርሱት። ሥራ ተካፍሎ በአንድ ቀን መጨረስ ለአጨዳ ጥሩ ነው። ጭስ መውጫ ግን አይታጨድም። ቀስ ብሎ፣ ከላይ ጀምሮ፣ አንድ ሰው እያየ ነው የሚወርደው።

ገባሁ። ሰዎቹ ኖራ ለብሰው ነጫጭ ሆነዋል፤ እየዘፈኑ ነው። ሁለቱም ምድጃዎች የሉም። ከወለሉ እስከ ጣሪያው ድረስ ጠርገው አውጥተውታል። በእርግጥ ሰፊ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ሰው ይታያል።

ሊቀ መንበሩ ያን ቀን ከረባት አላሰረም። ላቡን እየጠረገ፣ "ጋሼ፣ ይኸው አዳራሽ። ይመርቁን እንጂ" አለኝ።

"የላይኛውስ?" አልኩት።

"የላይኛው ምን?"

"የላይኛው ጭስ መውጫ። የእኔ ክፍል ውስጥ ያለው፤ ከጣራው በላይ ያለው።"

"እሱ ምን አደረገን? እኛ የምንቀመጠው ታች ነው።"

ቀና ብዬ አየሁ። የላይኛው ግንብ በሙሉ፣ ከጣራው ውጭ ካለው ቁመት ጋር፣ ጫፋቸው አየር ላይ በቀረ እንጨቶች ላይ ተንጠልጥሏል። አቧራ በቀጭኑ ይፈሳል። እንጨቱ አንድ ጊዜ ተንቋቋ፤ ዘፈኑ ቆመ።

በዚያች ሰዓት ካፖ ነበርኩ። ሴቶቹን በጓሮ በር፣ ወንዶቹን በፊት በር አስወጣሁ። "የታክሲ ባለቤት ሁሉ ክሪኩን ያምጣ፤ ትልቁን የዘይት ክሪክ ያለው ቀድሞ ይምጣ" አልኩ። እዚያ ለአዳራሹ መቀመጫ ሊሠሩበት ያመጡት ሞራሌ፣ ወፍራም ባለ አራት ማዕዘን እንጨት፣ ነበር። ያ ቀልደኛ ሹፌር ክሪኩን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ጋሼ፣ መንገድ ላይ ጎማዬ ቢተነፍስስ?" አለኝ።

"መኪናህን እኔ ተሸክሜልህ እቆማለሁ። ግባ።"

ገባ። ከእሱ ሌላ የገቡት ጥቂት ናቸው። ከወለሉ ላይ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ክሪክ፣ በክሪኩ ላይ ሞራሌ እያቆምን፣ እኔ በውሃ ልክ እያየሁ፣ እኩል እኩል ወደ ላይ ገፋናቸው። ሁሉም አንድ ላይ መነሣት አለበት፤ አንዱ ከቀደመ ሌላው ይሰበራል። ሲመሽ ቤቱ ዝም አለ። ውጭ የቆሙት ሰዎች አጨበጨቡ፤ ከዚያ ምግቡን በሉ። እኔ አልበላሁም።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ቤቱን ያዳንኩት መስሎኝ ነበር። ድንጋዩ አልጠፋም፤ ሜዳው ላይ ተከምሯል። እኔ እያለሁ ጭስ መውጫው መልሶ ይቆማል፤ ለዚያ ግን እጅ ያስፈልጋል፤ ኖራ የሚያቦካ፣ ድንጋይ የሚያቀብል። ለሊቀ መንበሩ፣ "ለማፍረስ የጠራኸውን ደቦ ለመሥራት ጥራልኝ" አልኩት። ጠራ። የመጣው ያ ሹፌር ብቻ ነበር፤ እሱም የታክሲው ሬዲዮ ሲጠራው ሄደ። ሌሎቹ ሥራ አለብን አሉ፤ ጀርባችንን አመመን ያሉም አሉ። አንዱ በስልክ፣ "ጋሼ፣ ኮንትራክተር ይያዝ እንጂ፤ ኢንሹራንሱስ?" አለኝ። ማርቴሎ ይዞ የመጣ ቀን ኢንሹራንስ አላለም።

ብቻዬን ጀመርኩ። ድንጋዮቹን ለየሁ፤ የማዕዘኑን ወደ አንድ ጎን፣ የገጹን ወደ ሌላ ጎን። ብዙዎቹ በማርቴሎው ተሰንጥቀዋል። የዘይት ክሪኮቹ ደግሞ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊትና ማታ ስመለስ እየዞርኩ ወደ ላይ እገፋቸው ነበር። የላይኛው ክፍሌ ውስጥ መተኛት ትቼ ከታች፣ ከክሪኮቹ አጠገብ ምንጣፍ ዘርግቼ ተኛሁ። ዝናቡ መጣ፤ ከዚያ በረዶው። ጭስ መውጫው ከጣራው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ተከፍቶ ውሃ አስገባ። የገባው ውሃ በረዶ ሆኖ ግድግዳውን ከፈተው። ኖራ በብርድ አይጠነክርም፤ የሠራሁት ትንሽ ሥራ እንደ አሸዋ ረገፈ። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ወጣ፤ መጀመሪያ ቢላ፣ ቀጥሎ ጣቴ ገባበት። ያኔ ቤቱ እንደማይድን አወቅሁ። ግን ክሪኮቹን መግፋት አልተውኩም፤ ብተው ወደ የትኛው ሶፋ እንደምመለስ አውቅ ነበር።

ጎረቤት ሪፖርት አድርጎ የከተማው የሕንፃ ተቆጣጣሪ መጣ። ወጣት ነጭ ነው። ባትሪውን እያበራ ከሞራሌ ወደ ሞራሌ ሄደ።

"ማን ነው ይህን የደገፈው?" አለኝ።

"እኔ።"

"ኢንጂነር ነዎት?"

"ኢንጂነሮች ይጠይቁኝ ነበር።"

ፈገግ አለ። አደጋገፉ ጥሩ መሆኑን፣ ያለዚያ ቤቱ ቀድሞ ይወድቅ እንደነበር በአፉ ነግሮኛል። ከዚያ ሰው እንዳይገባበት የሚከለክለውን ቀይ ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈና ልብሴን እንድይዝ ጊዜ ሰጠኝ። ለምኜዋለሁ። ማታ ማታ ገብቼ ክሪኮቹን ብቻ ልግፋ አልኩት። "ሰር፣ ቤቱ አልቋል" አለኝ። በትሕትና ነው ያለው።

እድሩ ለማሠራት አቅም አልነበረውም። ቤቱ እንዲፈርስና ቦታው እንዲሸጥ ወሰኑ። ያን ስብሰባ ሄጄ ነበር፤ ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ሊቀ መንበሩ በር ላይ ጠብቆ፣ "ጋሼ፣ እርስዎስ አሁን የት ነዎት?" አለኝ።

"ልጄ ጋ።"

"እሱ ይሻላል፤ ብቻዎን ከሚሆኑ" አለኝ።

ማሽኑ የመጣ ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነካው። ምሥራቁ ግድግዳ ወደ ውጭ፣ ጣራው ወደ ውስጥ ሄደ፤ ጥቁሮቹ ሰሌዳዎች እንደ ሳህን ተንሸራተው ወረዱ። የቀረውን እስከ ምሳ ጨረሰው። በዚያው ሳምንት አስፐን ሂል ሰው ሞተና አፓርትመንት ውስጥ ተቀመጥን፤ እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ሐዘንተኛው አላየኝም።

እንግዲህ በዚያ ቤት እኔ የቻልኩት ይህ ነው። የሰሜኑን ግድግዳ ወደ ኖራው መልሻለሁ። ጣራው በእኔ እጅ በነበረበት ጊዜ፣ ከደቦው በፊት፣ አንድ ጠብታ አላስገባም። በዚያ ቅዳሜ ቤት ውስጥ ከነበሩት አንድ ሰው እንኳ አልተጫረም። መሐንዲስ ያልደገፈውን ጭስ መውጫ በመኪና ክሪክ በረዶውን አሳልፌዋለሁ፤ ክሪኮቹንም ከፍርስራሹ ለቅሜ ለየባለቤቶቻቸው መልሻለሁ። ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ጫፉ ለክቼ ሥዬዋለሁ፤ ሥዕሉ ሶፋው ሥር ነው፣ የጠየቀኝ የለም። ከኦክ አግዳሚዎቹ አንዱን ከፍርስራሹ አስወጥቼ በሹፌሩ መኪና ጣራ ላይ አስሬ አምጥቼዋለሁ፤ አሁን በልጄ በረንዳ ላይ ነው፣ የአፓርትመንቱ አስተዳደር ይነሣ ብሏል። ተላቅቆ የነበረውን የልጄን መታጠቢያ ቤት ሰድር መልሼ ለጥፌዋለሁ።